ጂኖም ቢነበብም የበረት መዝገብ ይቀድማል

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ዲቃላ ላም የሚያረባ ሰው ላሟ ኮርማ በፈለገች ቁጥር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከየትኛው ኮርማ ዘር ትዳቀል? ስህተቱ ቶሎ አይታይም። ጥጃዋ ተወልዳና ጊደር ሆና፣ በተራዋ ወልዳ እስክትታለብ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ያ ሁሉ መኖ ከወጣ በኋላ ወተቷ ቢያንስ ኪሳራው የአርቢው ነው።

ይህን ረጅም መንገድ ለማሳጠር ተመራማሪዎች የከብትን ሙሉ ጂኖም ያነባሉ። ጂኖም ከእናትና ከአባት የሚወረሰው የዘር መመሪያ በሙሉ ነው። የከብት ጂኖም ወደ 2.7 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ከጥቂት ደም ወይም ከጆሮ ላይ ከሚወሰድ ናሙና ማንበብ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነና በአዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የተሳተፈበት ጥናት የ16 የአፍሪካ ዝርያዎችን 172 ከብቶች ጂኖም መርምሯል። ፎገራ፣ ሆሮና አርሲን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ዝርያዎችም ተካተዋል። ጥናቱ ሻኛ ያላቸውና ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ከ750 እስከ 1,050 ዓመታት በፊት በስፋት መዳቀላቸውን፣ ሙቀትንና በሽታን የመቋቋም አቅማቸውም ከዚህ ቅይጥ ጋር መያያዙን አመልክቷል።

ስጋቱም እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሸኮ ዝርያ የገንዲ በሽታን በመቋቋም ይታወቃል። እንዲህ ያለው ዝርያ ያለ ዕቅድ ተዳቅሎ ከጠፋ፣ ጂኖሙ በኮምፒውተር ቢቀመጥም ከብቱ አይመለስም።

ለአርቢው የሚጠቅመው ግን ንባቡ ብቻውን አይደለም። የትኛው የዘር ምልክት ከብዙ ወተት ጋር እንደሚሄድ የሚታወቀው የብዙ ሺህ ላሞች ጂኖም ከወተት፣ ከወሊድና ከጤና መዝገባቸው ጋር ሲነጻጸር ነው። መዝገብ ከሌለ ፊደሉ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ሥራው ከበረት ይጀምራል። አርቢው የላሟን የጆሮ ቁጥር፣ የተዳቀለችበትን ቀንና የኮርማውን መለያ ቁጥር፣ የዕለት ወተቷንና ሕመሟን በደብተር ይጻፍ። ይህ አባትን ከልጁ ጋር ከማዳቀልም ያድናል። የማዳቀል ባለሙያው የኮርማውን ቁጥር ሳይሰጥ አይሂድ። የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤትም ደብተሮቹን ሰብስቦ ለምርምር ተቋማት ያድርስ። አለበለዚያ የጂኖም ወሬ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ይቀራል።