የመሬት ሽቦና የማከፋፈያ ሳጥን፦ ሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ

በብዙ አጥቢያዎች ኤሌክትሪክ ከመብራት አልፎ ለድምፅ ማጉያ፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለካህናት መኖሪያና ለእንግዳ ማረፊያ ምጣድ ጭምር ያገለግላል። በዚያው መጠን ጫማውን ያወለቀ ምእመን፣ የረጠበ ወለልና የብረት ዕቃ የሚገናኙበት ቦታ በዝቷል። ከዚህ የሚመጣውን አደጋ መከላከል የሚጀምረው ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው የማከፋፈያ ሳጥን ነው።

የሽቦ ሽፋን ሲላጥ 220 ቮልት ወደ ዕቃው የብረት አካል ሊያልፍ ይችላል። ዕቃው መሥራቱን ላያቆም ስለሚችል ብልሽቱ የሚታወቀው ሰው ሲነካው ነው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ የዕቃውን አካል ከሳጥኑ፣ ሳጥኑንም መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ይህን ለመከላከል ነው።

ይሁን እንጂ ዘንግ መቅበር ብቻውን በቂ አይደለም። ከረንቱ የሚመለሰው በመሬቱ በኩል ብቻ ቢሆንና የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢደርስ፣ 220 ለ20 ሲካፈል የሚያልፈው ከረንት ከ11 አምፒር አይበልጥም። ባለ 16 አምፒር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚቆጥረው አይቆርጥም፤ ብረቱም ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ይቆያል። ስለሆነም የሚሄደውንና የሚመለሰውን ከረንት አመዛዝኖ፣ የ30 ሚሊአምፒር ልዩነት ሲያገኝ በቅጽበት የሚቆርጥ ልዩ ብሬከር በሳጥኑ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

በጠበል መጠመቂያና በመታጠቢያ ቤት የሚገኙ የብረት ቧንቧዎችም ከመሬት ሽቦው ጋር መያያዝ አለባቸው። ያን ጊዜ ሁለት ብረቶችን በአንድነት የሚነካ ሰው በመካከላቸው አደገኛ የቮልት ልዩነት አያገኘውም።

ከዋናው ሳጥን ኃይል በሚቀበሉ ንዑስ ሳጥኖች ውስጥ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ተለያይተው መታሰር አለባቸው። ከተገናኙ የኒውትራሉ ከረንት በመሬት ሽቦው ይከፈላል፤ ኒውትራሉ ከተበጠሰም የብረት አካላት ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊይዙ ይችላሉ። ልዩ ብሬከሩም ደጋግሞ ስለሚቆርጥ ሰዎች ከነአካቴው ያነሡታል።

ሰበካ ጉባኤያት ሳጥኑን ራሳቸው ሳይከፍቱ ሦስት ነገሮችን ሊያስፈጽሙ ይችላሉ። አንደኛ፣ የልዩ ብሬከሩን የሙከራ ቁልፍ በየወሩ መጫን፤ ካልቆረጠ ወዲያውኑ ማስለወጥ። ሁለተኛ፣ ደረቅ አፈር ተቃውሞን ስለሚጨምር የዘንጉን ተቃውሞ በየዓመቱ በበጋ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ማስለካት። ሦስተኛ፣ በአዲስ ግንባታ ውል ላይ የመሬት ሽቦውን ሥራ በግልጽ ማስፈር፣ የመጨረሻውንም ክፍያ የልኬቱ ውጤት በጽሑፍ ከመቅረቡ በፊት አለመፈጸም።