ዓይን የማያየው ብርሃንና የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን

ሳተላይት ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ሆኖ ደንን ከሌላው መሬት የሚለየው እንዴት ነው? መልሱ የሚጀምረው ከቅጠል ተፈጥሮ ነው። ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ዝግጅት ይመጥጣል፤ የቅጠሉ ውስጣዊ አደረጃጀት ደግሞ ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ጨረር በብዛት ያንጸባርቃል። በአዲስ አበባ የተክለ ሃይማኖት ሠፈር ቆርቆሮ ጣራና አስፋልት ግን ይህን ያህል ልዩነት አያሳዩም። ስለሆነም የሁለቱ ጨረሮች ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ውጤቱ ለለመለመ ዕፅዋት ወደ 1፣ ለጣራና ለአስፋልት ወደ 0 ይጠጋል።

ይህ ቀላል ስሌት የአገር ጉዳይ የሚሆነው እንደ ደቡብ ጎንደር ባሉ አካባቢዎች ነው። በዚያ በእርሻ የተከበቡት የቤተ ክርስቲያን ደኖች በምስሉ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያሉ። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ስፋት ቢኖራቸውም የአገር በቀል ዛፎች መጠለያ ናቸው።

ባለ 5 ሄክታር ደን በምሳሌነት እንውሰድ። የዛሬዎቹ የላንድሳት ሳተላይቶች ፒክስል፣ ማለትም አንዷ የምስል ነጥብ፣ 30 በ30 ሜትር ስለሚሸፍን ደኑ 55 ያህል ነጥቦች ብቻ ይኖሩታል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ዳር ላይ ስለሚያርፉ ደንና እርሻ ይቀላቀልባቸዋል። ከብትና ማረሻ ደኑን የሚያመናምኑት ደግሞ ከዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀው ሴንቲኔል-2 ግን በ10 ሜትር ፒክስል ይኸንኑ ደን በ500 ነጥቦች ያሳያል፤ የዳሮቹም ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ በታች ይሆናል። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃ ነበር።

ይሁን እንጂ አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም። በመስከረም የጤፍ ማሳም ለምለም ነው። የየካቲትን ምስል ስናነጻጽር ሰብሉ ታጭዶ ዛፉ ብቻ ይቀራል። ከባዱ ፈተና ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም በበጋ አይደርቅም። አገር በቀሉ ዛፍ ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ቢተካ ቁጥሩ ብዙም ላይቀንስ ይችላል። አረንጓዴው ሳይጠፋ ደኑ ይጠፋል ማለት ነው! ስለዚህ የብዙ ዓመታት ምስሎችን፣ ሌሎች የጨረር ዓይነቶችንና የመስክ ፍተሻን ማጣመር ያስፈልጋል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከማቸው የላንድሳት ምስል ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነጻ ይገኛል። የአካባቢያችሁን ደን የትናንት ዳርቻ ከዛሬው ጋር አመሳክሩ፤ ልዩነት ያገኛችሁበትም ቦታ ሄዳችሁ የቆመው ዛፍ ጽድ ወይስ ባሕር ዛፍ መሆኑን መዝግቡ።