ስምንት ሰዓት ያለው እንግዳ

ከሌጎስ ወደ ጓንግዡ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ቤይሩት የሚሻገር ቤተሰብ፣ ከዋሽንግተን ወደ ናይሮቢ የምትመለስ ተማሪ መሐል ላይ የሚገናኙት ቦሌ ነው። አየር ማረፊያው ጥር 2011 ዓ.ም. በተመረቀው ማስፋፊያ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጓል። ከውጭ ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን አዲስ አበባን አይረግጧትም፤ ከአንዱ አውሮፕላን ወርደው፣ ፍተሻውን አልፈው፣ ሌላው ላይ ይሳፈራሉ። እነዚህን ሰዎች ለጥቂት ሰዓት እንኳ ወደ ከተማው እንዴት እናውጣቸው የሚለው ጥያቄ የቱሪዝም ሰዎች፣ የሆቴል ባለቤቶችና አየር መንገዱ ለዓመታት ሲያነሡት የኖሩት ጉዳይ ነው። እኔ ግን የተጠየቀው የጥያቄው ግማሽ ብቻ ይመስለኛል። ካወጣናቸው በኋላስ ምን እናሳያቸው? መልሱ ከአየር ማረፊያው በር እስከ መገናኛና ሲኤምሲ ድረስ በየቀኑ የምንኖረው ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንኑ ኑሮ ደግሞ ለእንግዳ ስንል ከመንገዱ ዳር እያነሣነው ነው።

ቦሌ ድሮ ከተማ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት ሲገዛ የልደታው ማኮብኮቢያ ለቦይንግ 720ቢ አጭር ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ እርሻና ግጦሽ በነበረው ሜዳ ላይ አዲስ አየር ማረፊያ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ጄቶችም በ1955 ዓ.ም. ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ራሱ ተከትሎ መጣ። ገርጂ፣ ቡልቡላ፣ ሩዋንዳ፣ ቦሌ ሚካኤል አጥሩን ዙሪያውን ከበቡት። ዛሬ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ሲወጣ ሰፈር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቦሌ መድኃኔዓለምም ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቀዋል። ይህ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ሀብት ነው። የብዙዎቹ አየር ማረፊያ ከሰው መኖሪያ ርቆ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ አምስትና ስድስት ሰዓት ያለው መንገደኛ ወደ ከተማ ደርሶ ለመመለስ አይደፍርም።

ምንም አልተሠራም ማለት ግፍ ነው። ከሰኔ 2010 ጀምሮ ቪዛ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ2011፣ አፍሪካውያን በሙሉ እንደደረሱ ቦሌ ላይ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከአየር ማረፊያው አጠገብ ያለው ስካይላይት ሆቴል በሁለት ምዕራፍ ተገንብቶ 1,024 ክፍሎች አሉት። በረራው የሚዘገይበትን መንገደኛ አየር መንገዱ በሆቴል ያሳድራል፤ በቦሌና በዙሪያው የበቀሉት ሆቴሎችም ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ ገበያ ላይ ነው። አስጎብኚዎች እንግዳውን ከዚያ ወስደው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ያሳዩታል፤ በ2012 የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ያስጎበኙታል፤ እንጦጦ ያወጡታል። ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን እንግዳው ያደረበትን ሰፈር የሚያየው በመኪና መስታወት ብቻ ነው። ቦሌ ለእሱ የትራፊክ መጨናነቅ ሆኖ ይቀራል።

ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ኒስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። አየር ማረፊያዋ እንደ ቦሌ ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከተርሚናሎቹ ተነሥቶ በመሐል ከተማው አልፎ እስከ ወደቡ የሚደርስ ትራም ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ኒስን የሚጎበኘው ሰው ግን ዋናው የሚያየው ሙዚየም አይደለም። ጠዋት ኩር ሳሌያ በሚባለው ገበያ አበባ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ሲሸጥ ያያል፤ ከዚያም የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘረጋው የእግረኛ መንገድ ይሄዳል፤ በሰማያዊዎቹ ወንበሮች ተቀምጦ የአገሩ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይመለከታል። ያ የእግረኛ መንገድ የተጀመረው በ1820ዎቹ ነው፤ በክረምቱ ብርድ ምክንያት ሥራ ላጡ ድሆች ሥራ እንዲሆን እዚያ ይከርሙ የነበሩ እንግሊዛውያን ገንዘብ አዋጥተው አሠሩት። ኒስ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ይህ መንገድ ከተመዘገበው ሥፍራ ዋነኛው ክፍል ነበር። መንገዱን የከፈቱት ለእንግዳ ቢሆንም ገበያውን ግን አላነሡትም። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነን ባሕር አንመኝም፤ የሚያስቀናኝ የዕለት ኑሯቸውን ለማሳየት አለማፈራቸው ነው።

እኛ የሚታይ አጣን? እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሲተም፣ በር ላይ ተሳልሞ ሲያልፍ፣ ጧፍ የምትሸጠው እናት ጥላዋን ዘርግታ ስትቀመጥ የሚያይ እንግዳ ካሜራውን መያዝ ይረሳል። መስቀል አደባባይ ላይ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወጣቶች ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ ይሮጣሉ፤ የአገሪቱን ሯጮች በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ትዕይንት ነው። መገናኛ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የታክሲው ሰልፍ ይታጠፋል፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ይጣራል፣ ሰው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም «እንደምን አደርክ» እያለ ይሳፈራል። ረቡዕና ዓርብ በየምግብ ቤቱ በያይነቱ ይቀርባል፤ ሥጋ በሚበላበት ቀን ከሰዓት በኋላ የሥጋ ቤቱ ደጃፍ በመኪና ይሞላል። የቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ምግብ ቤቶች በግመል ሥጋና በሩዝ፣ የሃያ ሁለት ሰፈር ጭፈራ ቤቶች በእስክስታ ይታወቃሉ። አቅጣጫ ሲጠየቅ የመንገድ ቁጥር የሚጠራ የለም፤ «ከመድኃኔዓለም ጀርባ»፣ «ኤድና ሞል ፊት ለፊት» ይባላል፤ ይህንንም እንግዳው ከሰው አፍ ሰምቶ ሲከተለው ከተማውን መጎብኘት ጀመረ ማለት ነው።

ሾላ ገበያን ለብቻው ማንሣት አለብኝ። ከመገናኛ አጠገብ ነው፤ ከቦሌ በታክሲ ረጅም መንገድ አይደለም። የቅቤው፣ የበርበሬው፣ የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ብቻውን ይመራል። የቅቤ ነጋዴ ሴቶች ለጋውን ከበሰለው እንዴት እንደሚለዩ፣ እናቶች በርበሬውን በእጃቸው ጨብጠው ሽታውን ሲመረምሩ ማየት ስለ ምግባችን ከማንኛውም የሆቴል ባህላዊ ምሽት የበለጠ ይናገራል። የአስጎብኚ ድርጅቶች ዕቅድ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው መርካቶ ናት። መርካቶ ግዙፍ ናት፤ ስምንት ሰዓት ላለው ሰው ግን ታደክማለች። ሾላ በአንድ ሰዓት ይዳረሳል።

ከየካቲት 2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ የዚህን አካባቢ መልክ ለውጦታል። ከአየር ማረፊያው ወደ መገናኛ ያለው መንገድ ሰፊ የእግረኛ መሄጃ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ሥፍራ አግኝቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዘመናት በተሰባበረ ድንጋይና በተከፈተ ቦይ መካከል ሲራመድ የኖረው አብዛኛው ነዋሪ ባለ መኪና አይደለም። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ከመንገዱ ዳር የጠፉት ናቸው። ጀበናዋን በከሰል ጥዳ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ በርጩማ ደርድራ ቡና የምታፈላው ሴት፣ ሽምብራ እሸት የምትሸጠው ልጅ፣ ቆሎ የምትሰፍረው እናት ንጹሑ መንገድ ላይ ቦታ አልተተወላቸውም። እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ የኢትዮጵያን ቡና ለመጠጣት ሲፈልግ የሚያገኘው ማኪያቶ የሚሸጥ ባለ መስታወት ካፌ ነው። ያ ካፌ ክፉ አይደለም፤ ዱባይም ግን አለ። ለሴትየዋ ከሁለት ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ፣ ውኃና የቆሻሻ መጣያ ያለው፣ በሕግ የታወቀ ሥፍራ በየተወሰነ ርቀት ቢሰጣት መንገዱ አይቆሽሽም። እሷም ልጆቿን ታሳድጋለች። መንገድ ያማረው ለሰው ነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ መንገዱ ላይ የነበረችው ደግሞ እሷ ነች።

ባቡሩም ሌላ ያመለጠን ዕድል ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ አልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ምሥራቁን የከተማ ክፍል ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት አልነበረም። ነገር ግን ከሁለቱ መስመሮች አንዱም አየር ማረፊያው አይደርስም፤ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹም በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። የቀሩት ደግሞ በሰው ስለሚታጨቁ ሻንጣ የያዘ አይደፍራቸውም።

ጊዜ ለተረፈው እንግዳ የምመክረው ዋሻ ሚካኤልን ነው። ከየካ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መካከል፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያው ፈርሷል፤ ግድግዳውና ዓምዶቹ ግን የላሊበላን ሥራ ላየ ሰው አዲስ አይሆኑበትም። ወደዚያ የሚወስደው አቀበት ሳንባ ይፈትናል፤ ላይ ሲደረስ ግን የምሥራቁ አዲስ አበባ ከሥር ተዘርግቶ፣ ባሻገርም የረር ተራራ ይታያል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱ ብዙው አያውቀውም። ላሊበላ ለመሄድ ቀን የሌለው መንገደኛ ከቦሌ ሰሜን ምሥራቅ በአጭር ርቀት የአባቶቻችንን የዓለት ጥበብ ሊያይ ይችላል፤ የጎደለው አመላካች ምልክት፣ የሠለጠነ የሰፈር አስጎብኚና ለቅርሱ የሚገባው እንክብካቤ ነው።

ይህን ሁሉ አሁን ማንሣቴ ምክንያት አለው። አየር መንገዱ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ አዲስ አየር ማረፊያ እየሠራ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያኔ ስምንት ሰዓት ያለው እንግዳ ሾላ ደርሶ ለመመለስ 80 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል፤ ብዙዎቹም ከቢሾፍቱ ሐይቆች አያልፉም። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር፣ የቦሌና የየካ ክፍለ ከተሞች፣ አየር መንገዱም ከመድኃኔዓለም እስከ ሾላ የሚያደርስ የእግር ጉዞ መሥመር ለማውጣት፣ ለቡና አፍዪዎቹ ሕጋዊ ቦታ ለመስጠት፣ የዋሻ ሚካኤልን መውጫ ለመጥረግ የሚሠሩበት ጊዜ አቡሴራ እስኪከፈት ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው።