ደምን ማጥራት የደም መመረዝን ያድናልን?

«ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ልንነጋገርበት ላሰብነው የሕክምና ጉዳይ ይህ አባባል የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሐኪሞች ሴፕሲስ፥ እኛም የደም መመረዝ የምንለው ሕመም፥ በሳንባ፥ በሆድ ወይም በቍስል የገባ ተሐዋስ ሰውነትን ሲያውክና ሰውነቱም ራሱን ለመከላከል ያስነሣው ኀይል ከልክ አልፎ የገዛ ብልቶቹን ሲጐዳ የሚመጣ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ብቻ 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙበት፥ 11 ሚሊዮን ያህልም እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ደሙ ከተመረዘ፥ አውጥቶ አጥርቶ መመለስ አይቻልምን? ሐሳቡ የዋዛ አይደለም። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 ዓ.ም. አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፥ የቋሊማ መጠቅለያ የሚሆነውን ሴሎፋን በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ ደምን የሚያጥብ ሰው ሠራሽ ኩላሊት አበጅቷል። በኋላም ጃፓኖች ፖሊሚክሲን ቢ የተባለውን መድኀኒት ከክር ጋራ አጣብቀው፥ ደሙ በመካከሉ ሲያልፍ የባክቴሪያው መርዝ ተይዞ እንዲቀር የሚያደርግ ማጣሪያ ሠሩ።

በ2009 ዓ.ም. በኢጣልያ በ64 በሽተኞች ላይ የተደረገ ምርመራ ውጤቱ ታወቀ። በ28 ቀን ውስጥ ማጣሪያው ከተደረገላቸው ከመቶው 32፥ ካልተደረገላቸው ከመቶው 53 ሞተው ነበር። ብዙዎችም መድኀኒቱ ተገኘ አሉ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ባወጡት ምርመራ ጥቅሙ አልታየም። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ 450 በሽተኞች ተመርጠው፥ ለከፊሎቹ እውነተኛው ማጣሪያ፥ ለቀሩት የይምሰል ብቻ ተደረገላቸው። የሞቱት በፊተኞቹ ከመቶ 37.7፥ በኋለኞቹ ከመቶ 34.5 ሆኑ። ልዩነቱም እንዲያው በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው።

ምክንያቱን ስንመረምር፥ ማጣሪያ ጐጂውን ከጠቃሚው ለይቶ የሚያውቅ ዳኛ አለመሆኑን እናገኛለን። አንዳንዱ ዐይነት በሽተኛው የተወጋውን መድኀኒት ሳይቀር ከደሙ ያወጣል። ደሙ ቢጠራም፥ መግል የቋጠረው ቍስል ካልተከፈተ መርዙ እንደ ገና ይመነጫል። ስለዚህ የ2021ዱ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች መመሪያ በፖሊሚክሲኑ ማጣሪያ ባይጠቀሙ ይሻላል ሲል፥ ስለ ሌሎቹ ግን የሚያስመክር በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ኩላሊቱ ለደከመ በሽተኛ ግን የደም እጥበት ተገቢ ቦታውን እንደ ያዘ ነው።

እናንት ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት! ነገ ውድ መኪና ይገዛ በሚል ወረቀት ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና፥ «በስንት ሰው ተፈተነ? ከምንስ ጋራ ተመዘነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትኵሳት ያለበት ሰው ትንፋሹ ሲፈጥንና ነገር ሲምታታበት ቶሎ ሐኪም ቤት መድረሱ፥ ደሙ ግፊት አጥቶ ከሆነም ተስማሚው መድኀኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠቱ፥ መግሉም ተከፍቶ መውጣቱ፥ ይህ ነው ነገርን ከሥሩ መያዝ ማለት።