ፌስታል ሙሉ ወረቀት

አጎቴ ከደብረ ወርቅ ባሕር ዳር ሲመጡ በፌስታል ቋጥረው የያዙት ስንቅ መስሎኝ ነበር። ስፈታው ወረቀት ነው። የካርድ ቁራጭ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የኪኒን ባዶ ማሸጊያ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው፣ ከብቸና እስከ ሞጣ በየደረሱበት የተሰጣቸው ነው።

«አንዱንም አልጣልሁም፤ ገንዘብ የከፈልሁበት ነው» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አነበብሁት። አምስት ጊዜ አሜባ፣ አራት ጊዜ ታይፎይድ፣ ሁለት ጊዜ ጨጓራ። አንዱ ላይማ አሜባም ታይፎይድም ታይፈስም በአንድ ቀን! መድኃኒቱን ሲጀምሩ ሰሞኑን ቀለል ይላቸዋል፣ በወሩ ይመለሳል። በመሀል ፌጦ በሎሚ ጠጥተዋል፣ ጠበል ሰንብተዋል፣ ሆድ የሚያሹ ሴት ዘንድም ሄደዋል። በሁለተኛው ዓመት ሱሪያቸው አልቆም ብሎ በገመድ ማሰር ጀመሩ። ክብደታቸው መቀነሱን ግን አንድም ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው የለም።

ጥፋቱን ሁሉ ባለሙያው ላይ መከመር አልፈልግም። በሽታ አምጪው አሜባና ምንም ጉዳት የማያደርስ ዘመዱ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልተገኘ በቀር መለየት አይቻልም። ስለዚህ «አሜባ ታየ» ማለት «ሕመሙን ያመጣው አሜባ ነው» ማለት አይደለም። ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 የተጀመረ የቆየ ዘዴ ነው። የሚያሳየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል ያዘጋጀውን ነገር ስለሆነ፣ ድሮ ታይፎይድ የያዘውንም ሌላ ትኩሳት ያለበትንም ሰው ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ደግሞስ ታይፎይድ የሳምንታት በሽታ ነው እንጂ ሦስት ዓመት ሆድ ሲቆርጥ ይከርማል እንዴ?

የአጎቴ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ሁለቴ ያያቸው ሐኪም የለም። አንዱ አላዳነኝም ብለው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ እዚያም «ሆዴን ያመኛል» ብለው ከዜሮ ይጀምራሉ። ገበያ ሲወጡ መንገድ ላይ ባገኙት ክሊኒክ ይገባሉ። የጤና መድን አባል ናቸው፤ መድኑ የሚሠራው ግን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሲሄዱ ነው፣ ዘለው ሲሄዱ ከኪሳቸው ነው። በግ ሸጠው የታከሙት ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም ወጣት ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በቀናቸው ደረደራቸው።

«አባባ፣ ማታ ማታ ያልብዎታል?»

«ላቡማ ድሮ ነው፤ ማን ጠየቀኝ!»

«ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?»

ለሁለቱም አዎ አሉ። ሆዳቸውን ሲዳስስ በስተቀኝ ከታች፣ ቀጭኑና ወፍራሙ አንጀት የሚገናኙበት ላይ እጁን አቆየ። ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ በኮሎኖስኮፒ፣ ታይቶ ናሙና ተወሰደ። የአንጀት ቲቢ ነው።

«ሳል የለኝም እኮ!» አሉ አጎቴ። የደረታቸው ራጅም ንጹሕ ነበር። ቲቢ ግን ሳንባን ሳይነካ አንጀት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት ቁስለት ጋርም በጣም ይመሳሰላል። መለየቱ የግድ ነው፤ ለክሮንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቲቢውን ሊያባብሱት ይችላሉ።

የሁሉም ሰው ሆድ ቲቢ አለበት ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁስልም ትልም ሳይኖር አንጀት በራሱ የሚቆጣበት ሕመም አለ፤ ለዚያ ሰው «ምንም የለብህም» ማለትም ሕክምና አይደለም። ክብደት ከቀነሰ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ግን ሌላ የአሜባ ኪኒን ከመግዛት በፊት ሪፈር መጠየቅ ይገባል። ሌላም አለ፤ በእኛ ደጋ አገር የአንጀት መጠማዘዝ ብዙ ነው። ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አየርም ሰገራም አልወጣ ካለ ሰዓታት ናቸው የሚቆጠሩት። ማሸት የለም፣ ነገ አያለሁ የለም፤ በጊዜ ከተደረሰ አንዳንዴ በቱቦ ብቻ ይፈታል፣ ከዘገየ አንጀቱ ይሞታል።

የአጎቴ መድኃኒት ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት፤ ዋጋውም ነጻ። ሦስት ዓመት በግ ሲሸጡ ለከረሙት ሰው ይህን መንገር ራሱ ከብዶኝ ነበር።

በጀመሩ በሳምንቱ ከደብረ ወርቅ ደወሉ። ድምፃቸው ደንግጧል። «ሽንቴ ቀላ፤ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» የኪኒኑ ቀለም ነው፣ የሚጠበቅ ነው አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ጤና ጣቢያ ስሄድ ይህንንም ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ» አሉኝ።