በዓልና የተከፈተ በር፦ ከጃፓን ሚስዮናውያን ቤት ለድሬዳዋ አማኞች

«የጃፓን ነገር ድሬዳዋ ላለ አማኝ ምን ይረባዋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በድሬዳዋ ከመቶ 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሲሆኑ ወንጌላውያን ከመቶ ሦስት አይሞሉም ነበር። በጃፓን ደግሞ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ተደምሮ ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ በብዙ ጎረቤት መካከል የሚኖር ጥቂት ሕዝብ በበዓል ቀን ስለ ጌታ እንዴት ይመሰክራል የሚለው ጥያቄ የእነርሱም የእኛም ነው።

ስብከት በተከለከለበት ቤት ተናገረ

በጃፓን ክርስትና እ.ኤ.አ. በ1614 በመላ አገሪቱ ታገደ፤ ብዙዎችም ስለ እምነታቸው ተገደሉ። የእገዳው ማስታወቂያ ከየአደባባዩ የተነሣው በ1873 ነው። ሐኪሙ ጄምስ ከርቲስ ሄፕበርንና ባለቤቱ ክላራ ግን ገና እገዳው ሳይነሣ በ1859 ጃፓን ገቡ። በግልጽ መስበክ ስለማይቻል እርሱ ሕሙማንን አከመ፣ ቋንቋውን አጠና፣ በ1867 የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እርሷም በ1863 ዮኮሃማ በሚገኘው ቤታቸው ወጣቶችን ማስተማር ጀመረች፤ የዛሬው ሜይጂ ጋኩይን ዩኒቨርሲቲ መነሻውን ከዚያች ቤት ይቆጥራል። ባልና ሚስቱ ይህን ሲያደርጉ ልጃቸውን አሜሪካ ትተው ነበር። የአገልግሎት ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በቤተሰብ ውስጥ ነው።

ገና ያለ ክርስቶስ

ዛሬ በጃፓን ገናን የማያውቅ የለም። መንገዱ በመብራት ያሸበርቃል፣ እንጆሪ ያለበት የክሬም ኬክና የተጠበሰ ዶሮ ይሸጣል፣ የዋዜማው ምሽት የፍቅረኞች ምሽት ሆኗል። ዲሴምበር 25 ግን የሥራ ቀን ነው። በዓሉ የማን ልደት እንደሆነ ግን ብዙው ሰው አያስተውልም። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናት በዋዜማው የሻማና የመዝሙር ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ በሌላ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማይመጣ ሰውም በዚያ ቀን ይመጣል።

የጃፓኖች ታላቁ የቤተሰብ በዓል አዲስ ዓመት ነው። ጃንዋሪ 1፣ ማለትም ከእኛ ገና ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ ሰው ወደ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፣ ልጆች በትንሽ ፖስታ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ብዙዎችም ወደ ቤተ መቅደስ ሄደው ይጸልያሉ። አዲስ አማኝ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፦ ወላጆቹን ሳያዋርድ፣ በአምልኮውም ሳይካፈል እንዴት ከቤተሰቡ ጋር ይሆናል? ይህን ከሰባኪ ንግግር ብቻ አይማረውም፤ በእምነት የሚኖር ቤተሰብ ማየት ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ጃፓኖች እንግዳን ወደ ቤታቸው እምብዛም አይጠሩም፤ ቤታቸው ጠባብ ነው፤ መገናኘትም ውጭ ይቀላል። በዚህም ምክንያት ሚስዮናዊ ቤተሰብ በሩን ከፍቶ «ግቡ» ሲል ትልቅ ነገር ነው። ስጦታን ግን በልክ ማድረግ ያስፈልጋል። በባህላቸው ስጦታ የተቀበለ ሰው መልሶ መስጠት ይጠበቅበታል፤ የከበደ ስጦታም ዕዳ ይሆንበታል።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የእናንተ ከተማ ከ1902 ጀምሮ ከባቡሩ ጋር ያደገች፣ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡና ሕንዱ የኖረባት ናት። በ2018 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ቻይናውያንን ይዞ መጥቷል። በገና ቀን ከቤተሰቡ ርቆ ብቻውን የሚውል እንግዳ በአጠገባችሁ ሊኖር ይችላል። ለእርሱ በር መክፈት የሚጀምረው አገሩንና ስሙን በመጠየቅ ነው። ከእስያ የመጣውን ሁሉ «ቻይና» እያሉ የሚጠሩ ልጆቻችንን ማረምም የወንጌል ሥራ ነው፤ ጃፓናዊው ጃፓናዊ ነውና።

ለሙስሊም ጎረቤታችሁም እንዲሁ። በክርስቲያን እጅ የታረደ ሥጋ እንደማይበላ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ያለ ኀፍረት የሚበላውን፣ ዳቦውን፣ ፍራፍሬውን፣ ቡናውን አዘጋጁለት። በኢድም እናንተ ሂዱ፤ ሁልጊዜ ጋባዥ ብቻ መሆን ፍቅር አይደለም። ስትጠሩትም እውነቱን ተናገሩ። ጸሎትና መዝሙር ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ለምሳ ብላችሁ ጠርታችሁ ስብከት አትደርድሩበት። ጎረቤት የተታለለ ከመሰለው በሩ ለዓመታት ይዘጋል።

ልጆቻችሁንም አትርሱ። ቤቱ ለእንግዳ ሁሉ ተከፍቶ ለልጆች ጊዜ ከጠፋ፣ ልጆቹ ወንጌልን እንደ ባላንጣ ያዩታል። አብረው ቡና ያቅርቡ፣ አብረው ይዘምሩ፤ ግን ከበዓሉ አንዱ ሰዓት የእነርሱ ብቻ ይሁን።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ወንጌልን ብቻ ሳይሆን የገዛ ሕይወቱንም እንዳካፈላቸው ይናገራል (1ኛ ተሰ. 2፥8)። ሕይወት የሚካፈለው ደግሞ በዋናነት በቤት ውስጥ ነው። በሚመጣው ገና ከበራችሁ ውጭ የቀረ ማን ነው? ስሙን ዛሬ በጸሎት ያዙ፤ ቀኑ ሲደርስም ጥሩት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!