የሰነድ ለውጥን በትክክል ለማየት የሚረዱ የጊት ሶፍትዌር ማስተካከያዎች

አንድ ረቂቅ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት በበርካታ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። በዚህ ሂደት «ይፈቀዳል» የሚለው ቃል «አይፈቀድም»፣ ወይም «30 ቀናት» የሚለው «60 ቀናት» ተብሎ ቢለወጥና ፊርማውን የሚያኖረው ኃላፊ ሳያስተውለው ቢቀር የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይሆንም።

ፋይሎች መቼ፣ በማንና እንዴት እንደተለወጡ መዝግበው የሚይዙ ቨርዥን ኮንትሮል የተሰኙ ሶፍትዌሮች ይህን ችግር ለማቃለል ያገለግላሉ። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ጊት ሲሆን፣ የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠሩት ነው። ሶፍትዌሩ ለፕሮግራም ሥራ የተዘጋጀ ቢሆንም ለሌሎች ጽሑፎችም ሊውል ይችላል።

ጊት በመደበኛ አሠራሩ ለውጥን የሚያሳየው በመስመር ነው። የተሰረዘውን በመቀነስ፣ የተጨመረውን በመደመር ምልክት ያቀርባል። አንድ አንቀጽ በሙሉ በአንድ መስመር ከተጻፈ ግን የአንድ ቃል ለውጥ አንቀጹን በሙሉ ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ ያስመስለዋል።

«ወርድ ዲፍ» የተባለው አማራጭ የተለወጡትን ቃላት ብቻ ለይቶ በማሳየት ይህን ያቃልላል። ሆኖም ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ በመሆኑ፣ ቃላቱ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ የተለያዩበትን የአማርኛ ጽሑፍ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ የቃል ወሰን ምን እንደሆነ የሚገልጽ ደንብ ለሶፍትዌሩ መስጠት ያስፈልጋል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ስምም በቁጥር ኮድ ተተክቶ ሊታይ የሚችል ሲሆን፣ «ኮት ፓዝ» የተሰኘውን ማስተካከያ በማጥፋት ስሙን በፊደል ማየት ይቻላል።

የማይክሮሶፍት ወርድ ሰነዶችን በተመለከተ ጊት በራሱ የሚገልጸው ፋይሎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ብቻ ነው። «ቴክስት ኮንቭ» በተባለው ማስተካከያ አማካይነት ግን እንደ ፓንዶክ ያለ ፕሮግራም ሰነዱን ወደ ተራ ጽሑፍ እንዲለውጥና ልዩነቱ እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል።

እነዚህ ማስተካከያዎች የሚለውጡት የሚታየውን እንጂ ፋይሉን አይደለም። በመሆኑም ወደ ተራ ጽሑፍ በተለወጠ ሰነድ ላይ የሥዕልና የቅርጽ ለውጦች ላይታዩ ይችላሉ። ባዶ ቦታን ችላ የሚለው አማራጭም ቃላት ሲጣመሩ ወይም ሲነጣጠሉ አያሳይም። ከዚህም ሌላ፣ ለየትኛው የፋይል ዓይነት የትኛው ማሳያ እንደሚያገለግል የሚወስነው ዝርዝር ከሰነዶቹ ጋር አብሮ ሊተላለፍ ቢችልም፣ ለዋጩን ፕሮግራም የሚያስነሳው ትእዛዝ በየኮምፒውተሩ መሞላት ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ አንዱ ባለሙያ የሚያየውን ለውጥ ሌላው ላያየው ይችላል።

ስለሆነም በጋራ ሰነድ የሚያዘጋጁ የሥራ ክፍሎች አንድ ዓይነት ማስተካከያ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ መጠቀማቸውን ማረጋገጥ፣ ከማጽደቃቸው በፊትም ዋናውን ሰነድ ከፍተው ከታየው ልዩነት ጋር ማመሳከር ይገባቸዋል።